ሐይቅ አይቶ የማያውቀው ቧንቧ ሠሪ

ስለ ጣሰው የሚያወራ ሁሉ «እጁ ወርቅ ነበር» ብሎ ይጀምራል። እውነት ነው። ያንን እጅ ያሳሳተው ግን የኔ አፍ ነው፤ ይህን ደግሞ ከኔ በቀር የሚነግርህ የለም። ውብሸት እባላለሁ። ምናለሽ ተራ አሮጌ ብረታ ብረት እሸጥ ነበር። የጣሰው ሱቅ ከኔ ሱቅ የሚለየው በአንድ ቆርቆሮ ግድግዳ ነው፤ እሱ ሲያስነጥስ «ይማርህ» የምለው ከዚህኛው ወገን ሆኜ ነው።

ጣሰው የቢቸና ሰው ነው። አዲስ አበባ ሲገባ ተሸካሚ ነበር። ከጠላት በኋላ አገሩ ሳይመለስ የቀረ አንድ ሽማግሌ ጣሊያን የብረት ቱቦ ሲያሸክመው ሲያሸክመው፣ በመጨረሻ ቱቦውን መግጠምም አስተማረው። ከዚያ ወዲያ ከመሳለሚያ እስከ ሸማ ተራ ቧንቧ ያንጠባጠበበት ሰው ሁሉ «ጣሰውን ጥሩልኝ» ነው የሚለው። ካቻቪቴውንና ፒንሳውን በዱቄት ጆንያ ጠቅልሎ ይመጣል፣ ጆሮውን ቧንቧው ላይ ይለጥፋል፣ ዝም ብሎ ያዳምጣል። ከዚያ የቤቱን ባለቤት ይቆጣል። «ይህን ያህል መጠማዘዝ ምን ያደርጋል? ውሃ እንደ ሰው ነው፤ አጭር መንገድ ይወዳል» ይላል። ትርፉን ቱቦ ይቆርጥና ቀጥ አድርጎ ይገጥመዋል። ሁልጊዜም ይሠራ ነበር።

እኔ ደግሞ አበሽቀው ነበር። «ጎጃሜ ሆነህ ጣናን ሳታይ የውሃ ሊቅ ነኝ ትላለህ!» እለዋለሁ።

«ማን አሳየኝና? ዓባይን ያየሁትም በድልድይ ስሻገር ነው፤ ያውም ዓይኔን ጨፍኜ» ይለኛል።

በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ጾሙ ሊገባ ሲል፣ አንድ ካሚዮን ጀልባ ጭኖ መርካቶ ገባ። አዎ፣ ጀልባ። ነጭ ነው፣ ቁመቱ ከሁለት ሱቅ ይበልጣል፣ ከኋላው ትንሽ ቤት አለው። ሰው ሥራውን ጥሎ ተከተለው። ልጆቹ «ኖኅ መጣ! ኖኅ መጣ!» እያሉ ይጮኻሉ። ጭድ ተራ በር ላይ አንዲት አሮጊት አማተቡና «መርከቡ ከደረሰ ውሃው ከኋላ አለ ማለት ነው» አሉ። ሳቅንባቸው። እኔ እንደውም ከሁሉ አብልጬ ሳቅሁ።

ጀልባው ቢሾፍቱ ሐይቅ ላይ የሚንሸራሸሩበት የአንድ ፊታውራሪ ንብረት ነው። መሳለሚያ ካለ ጋራዥ ግቢ አስገቡትና በግንድ ላይ ከፍ አድርገው አቆሙት። ጋራዡ ቀለሙንና ሞተሩን ያድሳል። የቀረው ሥራ ግን አሳፋሪ ስለሆነ ማንም ጮክ ብሎ አይናገረውም፤ ሽንት ቤቱ ነው። ከጣሊያን ጊዜ የቀረ፣ በባትሪ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ሽንት ቤት አለው። ቁልፉ ሲጫን ከሥሩ ያለው ሞተር እየፈጨ ወደ ሐይቁ ይተፋዋል። ችግሩ ጩኸቱ ነው። የፊታውራሪው ባለቤት ከእንግዶች ጋር ሐይቅ ላይ ሳሉ ለጉዳያቸው ገባ ብለው ቁልፉን ሲጫኑት፣ ወዲያ ማዶ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ሳይቀሩ ቀና ብለው ያያሉ። በመጨረሻ ደግሞ ሞተሩ ጢስ አወጣ። ወይዘሮዋ «ወይ እሱ ይውጣ ወይ እኔ» አሉ ይባላል። ፊታውራሪው በእጅ የሚገፋ፣ ድምፅ የሌለው አዲስ ሽንት ቤት ከምጽዋ አስመጡና «የሚገጥም ባለሙያ ፈልጉ» ብለው አዘዙ። ጣሰው ተጠራ።

ከጀልባው ጋር የመጣው ጠባቂ ይመር ይባላል። የወረኢሉ ልጅ ነው፤ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ቀንም ማታም ከጀልባው አይለይም፤ ከላይኛው ወለል ሥር ባለችው አልጋ ላይ ነው የሚያድረው። ምሳውን እኛ ሱቅ ይበላል፣ እኛም ሥራ ስንፈታ እሱ ጋ ሄደን ጀልባው ላይ እንቀመጣለን። መርካቶ መሐል ጀልባ ላይ ተቀምጦ ቆሎ መቆርጠም፣ ባላባት ነው የሚያደርግህ። እንደ ታናሽ ወንድም ወደድነው።

አንድ ቀን «ይመር፣ ዋና ትችላለህ?» አልኩት።

«ኸረ ወዲያ! እኔ እግሬን የምታጠበው እንኳ በጣሳ ነው» አለ። ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ተወው። «ያ ሐይቅ ጥልቅ ነው። በየዓመቱ አንድ ሰው ካልወሰደ አይተኛም ይላሉ። ዘንድሮ እስካሁን አልወሰደም።»

«እንግዲህ አንተ አትሂድለት» አለ ጣሰው።

«ሥራዬ እሱ ላይ መተኛት ነው ጋሼ። የት ልሂድ?»

ጣሰው አሮጌውን የኤሌክትሪክ ሽንት ቤት ፈታ። ሦስት ቀን ፈጀበት። እኔ ሞተሩንና ሽቦውን ልወስድ ቃል ስለተገባልኝ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ከጀልባው ሆድ ውሃ የሚያስገባው ቱቦ አንድ የሚገርም ነገር ነበረው። ከታች ይነሣና ግድግዳውን ይዞ እስከ ጣሪያው ይወጣል፤ እዚያ በወፍራም የናስ ቁልምም ይታጠፍና እንደገና እስከ መቀመጫው ይወርዳል። ቁልምሙ አናት ላይ እንደ ዓይን ያለች ቀዳዳ አለች።

ጣሰው ጭንቅላቱን አከከ። «ይህ ደግሞ ምንድነው? አንድ ክንድ መንገድ ለመሄድ ጣሪያ ድረስ? የጣሊያን ሥራ አይደለም ይህ፤ ጣሊያን ዕቃ አያባክንም።»

እኔ ዓይኔ ናሱ ላይ ነው። ወፍራም ነው፣ ንጹሕ ነው፣ እንደዚያ ያለ ናስ ምናለሽ ተራ በዓመት አንዴ ቢገባ ነው። «ራስህ አይደለህ እንዴ ውሃ አጭር መንገድ ይወዳል የምትል? ቁረጠውና ቀጥ አድርገው። ቁልምሙን ለኔ ተወው» አልኩት።

ጣሰው ግን እንደ ወትሮው ቶሎ አልቆረጠም። ከአዲሱ ዕቃ ጋር የመጣውን ወረቀት አመጣ። ጽሑፉ የፈረንጅ ነው፤ ሁለታችንም አናነበውም። ሥዕል ግን አለው። መቀመጫው ተሥሏል፣ ቱቦው ተሥሏል፣ ቱቦው ወደ ላይ ወጥቶ ይመለሳል። ከመቀመጫው ከፍ ብሎ ደግሞ ሥዕሉን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ ሞገድ ሞገድ የሚል መሥመር አለ።

«ይህ መሥመር ምንድነው?» አለ ጣሰው።

«ጌጥ ነዋ! ነጠላ ጥለት የለውም? ፈረንጅም ወረቀቱን ጥለት ያበጅለታል» አልኩት። አየኝ፣ ሳቀ፣ መጋዙን አነሣ። ያንን ወረቀት በማግስቱ ምስማር ጠቅልዬበት ለአንድ አናጢ ሰጠሁት።

ሥራው ሲያልቅ ፈተሽነው። ከጀልባው በታች መሬት ላይ ውሃ የሞላ በርሜል አቆምን፣ ቱቦውን በርሜሉ ውስጥ ነከርን። ይመር እጀታውን ገፋ፣ ሳበ። ውሃው ሽቅብ መጣ፣ መቀመጫውን አጠበ፣ በሌላው በኩል ወጥቶ ወደ በርሜሉ ተመለሰ። ሲተዉት ቀጥ ብሎ ቆመ። አንዲት ጠብታ መሬት አልነካችም። የጋራዡ ሠራተኞች አጨበጨቡ። ይመር «ኧረ ይህስ ከኔ አልጋ ይሻላል!» አለ።

ጣሰው ግን ሥራውን እንደ ልጅ ነው የሚያሳድገው፤ ገጥሞ አይሄድም። ይመርን ትከሻውን ይዞ መከረው። «ፓምፑ ውስጥ ላስቲክ አለ። ካልሠራ ይደርቃል፣ ከደረቀ ይሰነጠቃል። ማታ ማታ፣ ልትተኛ ስትል፣ ሦስት ጊዜ ግፋው። ሦስት ጊዜ ብቻ። አደራ።»

«አደራ አልበላም ጋሼ» አለ ይመር።

ካሚዮኑ ለፋሲካ ሰሞን ጀልባውን ጭኖ ሄደ። ይመር ከጀልባው አናት ላይ ሆኖ ሻሹን እያውለበለበ፣ ከዓይናችን እስኪጠፋ «ጋሼ ጣሰው! ሦስት ጊዜ!» እያለ ይጮኽ ነበር። ጭድ ተራ ሲደርስ መንገዱ ላይ ያሉት ሁሉ ለምን ሦስት ጊዜ እንደሚል ሳያውቁ ሳቁ።

ሁለት ሳምንት ሆነ። ቅዳሜ ነው፤ የመርካቶ ቅዳሜ ምን እንደሚመስል ታውቃለህ፣ ሰው በሰው ትከሻ ነው የሚሄደው። ከፊታችን ላምባ የምትሸጠው ረሂማ በርሜሏን አግዳሚ ላይ ከፍ አድርጋ ታስቀምጣለች። ጎማዋን በርሜሉ ውስጥ ትነክርና ጫፉን በአፏ ሳብ አድርጋ መሬት ላይ ወዳለው ጣሳ ትለቀዋለች፤ ላምባው በራሱ ይወርዳል። ይህን በቀን መቶ ጊዜ እናያለን። ያን ቀን ግን ረሂማ ከአንዲት ደንበኛ ጋር በነገር ተያዘችና ጎማውን ረሳችው። ጣሳው ሞላ፣ ፈሰሰ፣ እግራችን ሥር ደረሰ።

«ረሂማ! ላምባሽ!» አልኳት።

«ውይ ሞቼ!» ብላ የጎማውን ጫፍ ከበርሜሉ በላይ ከፍ አደረገችው። ወዲያው ቆመ። ለደንበኛዋ «አየሽው? አንዴ ከጀመረ በርሜሉ እስኪያልቅ አይተውም። ከፍ አድርገሽ አየር ካላስገባሽበት ማን ያቆመዋል?» አለቻት።

ጣሰው ከሱቁ በር ላይ ቆሞ ነበር። ፒንሳው ከእጁ ወደቀ። ዘወር ስል ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምን ሆንክ?»

«በርሜሉ ከጣሳው በላይ ነው» አለኝ።

«ታዲያስ?»

«እኛ በርሜሉን ከጀልባው በታች ነው ያቆምነው። ሐይቁ ግን በታች አይደለም ውብሸት። ጀልባው ውሃ ውስጥ ይገባል፣ መቀመጫው ከውሃው በታች ይሆናል። ሐይቁ በርሜሉ ነው፣ መቀመጫው ጣሳው ነው። ያ መሥመር… ያ ጥለት ያልከኝ መሥመር፣ የሐይቁ ውሃ የሚደርስበት ልክ ነው።»

ገብቶኛል። ወዲያው ነው የገባኝ። ግን ሰው ጥፋቱ ሲገባው ምን ያደርጋል? ይቆጣል። «እና ምን ይሁን? ሁለት ሳምንት ያልሰመጠ ዛሬ ሊሰምጥ ነው?» አልኩት።

«እስካሁን ላስቲኩ ነው የያዘው። ላስቲክ ደግሞ የሚይዘው እስኪለቅ ነው። ያ ልጅ ማታ ማታ ሦስት ጊዜ ይገፋዋል፤ እኔ ነኝ ግፋ ያልኩት። ሲለቅ ተኝቶ ነው የሚሆነው።» እጁን ዘረጋ። «ቁልምሙን ስጠኝ። አሁን እሄዳለሁ።»

ቁልምሙ ከሱቄ ጀርባ፣ ከብረት ክምር ሥር ነው። የቅዳሜ ገበያ ነው፤ በሬ ላይ ሰባት ሰው ቆሟል። እሱን ለማውጣት ሱቁን መዝጋት አለብኝ። «ነገ» አልኩት። «ነገ በጠዋት አውጥቼልህ አብረን እንሄዳለን።»

ያለ ቁልምሙ ሄዶ ቢናገርስ? ይህንን እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። ጣሰው ግን ባዶ እጁን ሄዶ ፊታውራሪ ፊት «አጥፍቻለሁ» ማለት አልሆነለትም፤ ባለሙያ ነው፣ ጥፋቱን ሲናገር ማረሚያውን በእጁ ይዞ መሆን አለበት። ቢሆንም ዝም አላለም። እስከ ፊታውራሪው የከተማ ቤት በእግሩ ሄደና በሩ ላይ ያለውን ዘበኛ ለመነ፤ ለቢሾፍቱ በስልክ ይነገርልኝ፣ ጠባቂው ጀልባው ውስጥ እንዳይተኛ አለ። ዘበኛው «ስለ ሽንት ቤት ብዬ ነው ጌቶችን ከግብር የማስነሣው?» ብሎ አባረረው። ሲመለስ ገበያው ሊፈታ ነበር። ሱቄ በር ላይ ቆመና ክምሩን አየ። እኔም አየሁት። ደክሞኛል አልኩት።

እሑድ ማለዳ በመጀመሪያው አውቶቡስ ወጣን። ቁልምሙን በጋቢዬ ሸፍኜ ጭኔ ላይ ይዤዋለሁ። ብርድ ነው፣ ናሱም ይቀዘቅዛል። ጣሰው የመሣሪያ ጆንያውን አቅፏል። ዱከም ላይ «እንደደረስን ቱቦውን እፈታዋለሁ። ግማሽ ቀን ቢፈጅ ነው» አለ።

«ግማሽ ቀን አይፈጅብህም» አልኩት።

«ይመር ሲያየን ደስ ይለዋል» አለ። አዎ አልኩት።

ሐይቁን ከላይ፣ ከገደሉ አፍ ላይ ነው ያየነው። ጣሰው በሕይወቱ መጀመሪያ ያየው ሐይቅ ያ ነው። ክብ ነው፤ ውሃው ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ዝም ብሏል። ነጭ ነገር ፈለግሁ። ነጭ ነገር አልነበረም። ታች ዳርቻው ላይ ሰዎች ቆመዋል፤ ነጠላቸውን እንደ ለቅሶ ዘቅዝቀዋል። ጣሰው መሮጥ ጀመረ። ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰው ያንን ቁልቁለት እየተንሸራተተ ወረደው፤ እኔ ከኋላ፣ ጋቢዬን እንደያዝኩ።

ጀልባው የሚታሰርበት ግንድ አለ። ገመዱ አሁንም ግንዱ ላይ ነው። ከግንዱ ተነሥቶ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ቀጥ ብሎ ተወጥሯል፣ ቁልቁል። ዋናተኞች ይመርን ንጋት ላይ አውጥተውት ነበር። በሻሹ ሸፍነውታል፤ ያንን ሻሽ አወቅሁት።

የግቢው ሌላው ጠባቂ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ እያለቀሱ ይናገራሉ። «አምሽተን ስንጫወት ነበር። 'ልተኛ ነው፣ መጀመሪያ የጋሼን አደራ ላድርስ' አለኝ። ሁልጊዜ ነው የሚያደርገው። የዚያ ነገር እጀታ ድምፁ እዚህ ይሰማል። ሰማሁት። ሦስት ጊዜ።»

ጣሰው ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ።

ፊታውራሪው ሌሊቱን በመኪና ደርሰው ከአሽከሮቻቸው ጋር ቆመዋል። ከአሽከሮቹ ሦስቱ ጠመንጃ ይዘዋል። «ምን ይደረግ፣ ሐይቁ ነው» አሉ። «የዘንድሮውን ወሰደ።» ሰው ሁሉ «ሐይቁ ነው፣ ሐይቁ ነው» አለ። ነገሩ እዚያው ሊያልቅ ነበር፤ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነዋ።

ያኔ ጣሰው ተነሣ። ፊታውራሪው ፊት ሄዶ እጅ ነሣ። «ጌታዬ፣ ሐይቁ አይደለም። እኔ ነኝ። ከቱቦው ላይ የቆረጥኩት ነገር አለ፤ ውሃውን የሚያቆመው እሱ ነበር። ልጁን የገደልኩት እኔ ነኝ» አለ።

ፊታውራሪው ሰውየውን ከላይ እስከ ታች አዩት። «ይህ ሰው ምን ይላል? ኀዘን አዞረበት እንዴ?»

«አላዞረብኝም። ከኔ ጋር ያለው ሰው ይዞታል።» ጣሰው ወደ እኔ ዘወር አለ። ዓይኑ ላይ ቁጣ የለም፤ እንደ ሁልጊዜው ካቻቪቴ አቀብለኝ የሚለኝ ነው የሚመስለው። «ውብሸት፣ አሳያቸው።»

ሰው ሁሉ አየኝ። ጠመንጃዎቹን አየሁ። አራት ልጆች ነበሩኝ። ወህኒ የገባ ሰው እንዴት ሆኖ እንደሚወጣ አውቃለሁ። ቁልምሙ በጋቢዬ ሥር የጎድን አጥንቴን ይወጋኛል፤ አንድ ጊዜ እጄን ባነሣ በቃ ነበር። ፈራሁ። ሌላ ስም የለውም፤ ፈራሁ።

«ምኑን?» አልኩ።

ጣሰው ጋቢዬን አየ።

«ኀዘን ነው ጌታዬ» አልኩ፤ ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። «ልጁን በጣም ይወደው ነበር።»

ሰዎቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። አንዲት ሴትዮ ጣሰውን በነጠላዋ አቀፈችው። «አይዞህ፣ ሐይቁ ነው ወንድሜ፣ አንተ ምን አደረግህ?» አለችው። እየደጋገመ «እኔ ነኝ» ይላል። እየደጋገሙ «አይዞህ» ይሉታል። ማንም አላመነውም፤ እስኪሞት ድረስ ማንም አላመነውም።

ይመርን እዚያው ቀብረን ማታውኑ ተመለስን። ጣሰው ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ኖረ። ቧንቧ ሠሪነቱን አልተወም፤ አንድ ነገር ግን ተወ። የማንንም ቱቦ፣ የቱንም ያህል ቢጠማዘዝ፣ አሳጥሮ አያውቅም። ሰዎቹ «ይህ ትርፍ አይደለም እንዴ?» ሲሉት «አላውቅም» ይላቸው ነበር። እኔ ጋር ግድግዳ መጋራቱንም አልተወም፤ ጠዋት ሰላም ይለኛል፣ ዕቃ ይዋሰኛል፣ ልጄ ስትዳር ድንኳን ተክሎልኛል። ስሜን ግን በአፉ ጠርቶት አያውቅም። ሲያስነጥስ ከቆርቆሮው ወዲህ «ይማርህ» እለው ነበር፤ ዝም ይላል።